ጥያቄውን ከደጋው የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ

ጫጫ ላይ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። በብርድ አገር የተተከለ ከፍተኛ የትምህርትና የምርምር ተቋም ለዚያ አገር ሕዝብ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ይህን የምንጠይቀው እኛ ብቻ አይደለንም። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩ ሕዝቦች፣ የኖርዌይ፣ የስዊድን፣ የፊንላንድ፣ የአይስላንድ፣ የአላስካና የካናዳ ሰሜናዊ አውራጃዎች፣ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩበት ኖረዋል። እነርሱን የሚያበርዳቸው ከምድር ወገብ መራቃቸው ነው፤ እኛን የሚያበርደን ከፍታችን። ከሸኖ ተነሥቶ በጫጫና በደብረ ብርሃን አልፎ እስከ ጣርማ በር፣ ከዚያም በመንዝ እስከ ጓሳ የሚዘልቀው ምድር አብዛኛው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ያልደረሰ ባቄላ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ገብሱ፣ በጉ፣ ኩበቱ፣ ባናውና በርኖሱ ሁሉ የዚህ ብርድ ልጆች ናቸው። የሰሜኑን ሰው ከእኛ ሰው ጋር የሚያመሳስለው ቴርሞሜትሩ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ከእንስሳቸው ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ፤ የሁለቱም ልጆች ተምረው ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳሉ፤ ስለ ሁለቱም የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከሩቅ በመጣ ሰው ነው።

ደጋችን የምርምር ድሃ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ቀድሞ በሸኖ ስም ይታወቅ የነበረው ነው። የበግ ማራቢያውና የአመድ ጓያ ጣቢያ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኢልካ የሚባለው፣ ለዓመታት ደብረ ብርሃን ላይ ጣቢያ ነበረው። እንግዲህ ምርምሩ ለሕዝቡ ሳይደርስ ሲቀር፣ ችግሩ የሕንፃ ወይም የሊቅ እጦት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እኔ የምከራከረው ለዚህ ነው፦ አንድ ተቋም የሚመዘነው በየትኛው መሬት ላይ በመቆሙ አይደለም፤ የሚመረምረውን ጥያቄ ከማን እንደሚቀበልና ያገኘውን መልስ ለማን እንደሚያስረክብ ነው። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በዚሁ አካባቢ በተሠራ ሥራ ማሳየት ይቻላል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የኢልካ ተመራማሪዎች በደብረ ብርሃን ዙሪያ አንድ እውነተኛ ችግር አዩ። ከደጋው ገበሬ ብዙው ያለው አንድ በሬ ነው፤ ጨርሶ የሌለውም ጥቂት አይደለም። ማረሻው ግን ጥማድ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ በሬ ጫንቃ ላይ የሚውል ቀንበር ሠሩ፤ ረጅሙን ሞፈር አሳጥረው ከሥሩ የሚንሸራተት ብረት አደረጉለት፤ በሁለት ገመድ በሬው እንዲጎትተው አደረጉ። በጣቢያው ማሳ ላይ ተሞከረ፤ አንድ በሬ ጥማዱ በቀን ከሚያርሰው ከግማሽ በላይ ማረስ እንደሚችል ታየ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ልኬቱም ትክክል ነበር። ገበሬው ግን አልወሰደውም። ለምን? አንድ በሬ ያለው ገበሬ ቀድሞውኑ መልስ ነበረው፤ መቀናጆ ይባላል። ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ይታረሳል። መቀናጆ ማረሻ ብቻ አይደለም፤ ዘር የሚያበድር፣ በሕመም ጊዜ የሚደርስ፣ አጨዳ ላይ የሚገኝ ሰው ማለትም ነው። ከዚህ ሌላ፣ በጋውን ሙሉ ገለባ ሲበላ ከርሞ ጎኑ የተቆጠረ በሬ መረሬውን፣ ማለትም ጥቁሩን ከባድ አፈር፣ ብቻውን እንዲገለብጥ መጠየቅ ጭካኔም ኪሳራም ነው። ተመራማሪው የጠየቀው «አንድ በሬ ምን ያህል ያርሳል?» ብሎ ነበር። ገበሬው ቢጠየቅ ኖሮ «በሬዬ በግንቦት ምን ይብላ?» ባለ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም የሳይንስ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከባለቤቱ የመጣ ነው።

በተቃራኒው ወደ ሞረትና ጅሩ፣ ወደ እነዋሪ እንሂድ። እዚያ ያለው ጥቁር መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ዘሩን ያፍነዋል። በብዙ የኢትዮጵያ መረሬ ምድር ገበሬው ዝናቡ እስኪወጣ ጠብቆ በተረፈው እርጥበት ይዘራ ነበር፤ ክረምቱን ያህል ወቅት መሬቱ ጦም ያድራል ማለት ነው። የእነዋሪ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ብልሃት ነበረው። ማሳው ከታረሰና ዘር ከተበተነ በኋላ ሴቶችና ልጆች አጎንብሰው በእጃቸው አፈሩን እያፈሱ ሰፊ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዋሉ። ጭቃው ብርድ ነው፤ ወገብ ይሰብራል፤ ቢሆንም ስንዴው ከውሃ በላይ ይቆማል። ኢልካና ሌሎች የኢትዮጵያና የውጭ ተቋማት በጋራ የጀመሩት የመረሬ አፈር ፕሮጀክት ይህንን ሥራ አየ። ሁለት የአገር ማረሻ ጎን ለጎን አያይዞ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ ገበሬው ዛሬም በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ቢቢኤም ይለዋል። መሣሪያው እንከን አልነበረውም አልልም፤ ከባድ ነው ብለው ያማረሩ ብዙ ነበሩ፤ በየአካባቢውም እኩል አልተወሰደም። እነዋሪ ላይ ግን ሥር ሰደደ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ የሴቶቹ እጅ አስቀድሞ ይሠራው የነበረውን ነገር ነው ብረቱ የተረከበው። ማሳው ላይ የተጎነበሰችው ሴት የጥናቱ ተጠኚ ሳትሆን የሐሳቡ አመንጪ ነበረች፤ ስሟ በየትኛውም ሪፖርት ባይጻፍም።

የበጉ ታሪክ ከሁሉም ይረዝማል፤ ምክንያቱም ሁለቱንም መንገድ ለአርባ ዓመታት ያህል ተራ በተራ አሳይቶናል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ሥጋው ብዙ አይደለም፤ ጸጉሩ ግን ባና ይሆናል፣ ዝተት ይሆናል፤ ብርዱንና የአንጀት ትሉን ይችላል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሐሳብ ይህን በግ ከውጭ ዝርያ ጋር ማዳቀል ነበር። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር መጡ። የእነዚህን ዲቃላ ገበሬው አልወደደውም፤ ላት የለውም፣ ቀንድ የለውም፣ በግ አይመስልም አለ። ባለሙያዎች ይህን እንደ ኋላቀርነት የቆጠሩበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ገበያ ላይ የአውራ ዋጋ የሚቆረጠው በላቱ፣ በቀንዱና በመልኩ ነው፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነጋዴ ዓይኑ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ላታሙ አዋሲ ከእስራኤል መጣ፤ እሱ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። ነገር ግን በማራቢያዎቹ መንጋ ውስጥ ሜዲ-ቪስና የሚባል፣ ሳንባንና ነርቭን ቀስ እያለ የሚበላ፣ መድኃኒት የሌለው የቫይረስ በሽታ ተገኘ፤ የአውራ ስርጭቱም መቆም ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው ሥራ መንገዱን ገለበጠው። በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ኢካርዳ፣ የኢልካ ወራሽ የሆነው ኢልሪ፣ የቪየናው የግብርና ዩኒቨርሲቲና የደብረ ብርሃን ምርምር ማዕከል ከውጭ አውራ ማምጣቱን ትተው የመንደሩን መንጋ እንደ አንድ መንጋ ቆጠሩት። ጠቦቱ ሲወለድና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ ይጻፋል። ከዚያ ከአርቢዎቹ የተመረጠ ኮሚቴ የክብደቱን መዝገብ ከባለሙያው ይሰማል፤ ቀንዱን፣ ላቱን፣ ቀለሙን፣ አቋሙን ራሱ ያያል። ሁለቱን ያሟላ አውራ ለመንደሩ ይቀራል፤ ተራ ወጥቶለት ከቤት ቤት ያገለግላል፤ ያላሟላው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። ድሮ ጥሩው ጠቦት ቶሎ ስለሚያድግ ቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ የሚቀረው የደከመው ነበር። ይህን ክፉ ልማድ ያስቀረው ትእዛዝ አይደለም፤ የመምረጡ ሥልጣን ወደ ባለበጎቹ መመለሱ ነው። ዛሬ ይህ አሠራር በኢትዮጵያ ሌሎች አካባቢዎችና በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ምሳሌ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ እንዲህ ይላል። እውቀት አገር የለውም። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ለዓለም ነው፤ መንደር ለመንደር የገብስና የበግ ጥያቄ ሲለቅም ከዋለ ሳይንሱ ትንሽ ይሆናል፤ መምህሩም በዓለም መድረክ የሚታተም ነገር አያገኝም። ይህ ተቃውሞ የሚሰነዘረው በከንቱ አይደለም፤ ተመራማሪ የሚሾመውም የሚያድገውም በኅትመቱ ነውና። መልሱን የሚሰጠን ግን ቅድም የጠቀስሁት የበግ በሽታ ነው። ሜዲ-ቪስና ስሙን ያገኘው ከአይስላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ወደዚያች የብርድ ደሴት ከጀርመን የካራኩል በጎች ገቡ፤ ከእነርሱ ጋር በሽታው ገባ። የአይስላንድ ገበሬ ኑሮው በግ ነበርና አገር ተጨነቀ። በ1948 ሬይኪያቪክ አጠገብ ኬልዱር የተባለ የምርምር ተቋም ከአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ተከፈተ። ቢዮርን ሲጉርድሶን የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የገበሬውን በግ እየመረመረ አንድ አዲስ ነገር ተረዳ፦ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ቀስ እያለ የሚገድል ቫይረስ አለ። ሐሳቡን በ1954 አሳተመው። በሺዎች የሚቆጠሩ መንጎች ታርደው በሽታው በ1965 ከአይስላንድ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ኤችአይቪ ሲታወቅ፣ ከዚያ የበግ ቫይረስ ጋር አንድ ወገን ሆኖ ተገኘ፤ የኬልዱር ሥራ ለዓለም ሕክምና መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ትንሹ ጥያቄ ትንሽ ሳይንስ አልወለደም። ያው ቫይረስ በእኛ ማራቢያ ሲገኝ ግን የኬልዱርን ያህል ተቋም አላቆምንበትም።

ገብሱም የሚናገረው ይህንኑ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ነበረ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ገብስ ሲያበጥሩ ይህን በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ያገኙት ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ነው፤ የካሊፎርኒያ ገበሬ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ዘረመል ተጠቅሟል። ያንን ገብስ ለዘመናት እየመረጠ፣ ለበሶ የሚሆነውን ከጠላው፣ ለቆሎ የሚሆነውን ከእንጀራው እየለየ ያቆየው የኢትዮጵያ ደገኛ ነው። እንግዲህ እውቀት አገር የለውም የሚሉን ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ግን ከአንድ ቦታ ይነሣል። የሚነሣበትን ቦታ የተወ ዩኒቨርሲቲ ለዓለም የሚሰጠው ነገር አይኖረውም፤ ሌሎች የጻፉትን ደግሞ ይጽፋል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው አባባል ለዚህ ክርክር ግማሽ ያህል ይረዳል፤ የአገሩ በሬ የሌላውን አገር እርሻ ማየት አለበትና። ሲጉርድሶንም ተመራማሪነቱን ያዳበረው ውጭ አገር ተምሮ ነው።

ስለ ባቄላ ጥቂት ልበል፤ ቁስሉ ገና አልሻረምና። ከአሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ ባቄላው ቅጠል ላይ እብጠት ያለው፣ ተክሉን የሚያቆረምድ አዲስ በሽታ ታየ። ገበሬው ወዲያው ስም አወጣለት፤ ቆርምድ አለው። የባቄላ ማሳ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ለዓመታት በጥናት ወረቀቶች ኦልፒዲየም የተባለ ፈንገስ ነው ሲባል ከቆየ በኋላ፣ በዘረመል ምርመራ ፊዞደርማ የተባለው መሆኑ ታወቀ። ያንን ምርመራ የሠሩት በአውስትራሊያ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የባቄላችን በሽታ ትክክለኛ ማንነት እስኪታወቅ ይህን ያህል ዓመት ማለፉ፣ ከታወቀም በኋላ ዜናው እዚህ ቅዳሜ ገበያ ላይ አለመሰማቱ። በሽታውን በተሳሳተ ስም የሚያውቅ ባለሙያ የተሳሳተ ምክር ሊሰጥ ይችላል፤ ኪሳራው ግን የገበሬው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰው ነው። ማን መጥቶ እዚህ ብርድ ላይ ይቀመጣል? የተማረ ሰው ሁለት ዓመት አገልግሎ ዝውውር ይጠይቃል፤ የኛው ልጅም ተመርቆ አይመለስም ይባላል። ኖርዌዮች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ብለው ነበር። የሰሜን ኖርዌይ ሕዝብ ሐኪም አጥቶ ሳለ የሕክምና ትምህርት ቤት እዚያ መክፈት ከንቱ ነው ያሉ ነበሩ። የአገሪቱ ምክር ቤት ግን በ1968 የትሮምሶ ዩኒቨርሲቲን አቋቋመ፤ ትምህርቱ በ1972 ተጀመረ። ከተማዋ ከሰሜናዊው የዋልታ ክበብ በላይ ናት፤ በክረምት ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣባትም። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከሰሜኑ አውራጃዎች ለሚመጡ ልጆች ቦታ ለየ፤ ተማሪውንም በትንንሽ ሆስፒታሎችና በገጠር ሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ወራት እንዲሠራ ላከ። በኋላ ምሩቃኑ ሲቆጠሩ ከግማሽ በላይ እዚያው ሰሜን ሲሠሩ ተገኙ፤ እዚያው ካደጉት መካከል ደግሞ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ። ከደቡብ የመጡት ይህን ያህል አልቆዩም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሰው የሚቆየው በግዴታ ውል አይደለም፤ ከቦታው ጋር በመተዋወቁ ነው።

ለዚህ ኖርዌይ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ባለሙያ አብረው ይማሩበት፣ አብረውም በቡድን ቆላድባንና መሰል ቦታዎች ወርደው ይሠሩበት ነበር። ከፍተኛ ትምህርት ከአንድ አካባቢ ጥያቄ ተነሥቶ አገር ሲጠቅም ያየነው በገዛ አገራችን ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየአውራጃው እንዲያገለግሉ የተደረገውም በዚሁ መንፈስ ነበር። የተረሳ ነገር ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ መመለስ ያለበት ተቃውሞ ግን ሦስተኛው ነው። ተማሪው ከመላ ኢትዮጵያ ይመደባል፤ መምህሩም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲ «የአካባቢው» ሁን ከተባለ የጠበበ የወንዜነት ቤት አይሆንም ወይ? በአገራችን ባለፉት ዓመታት ግቢዎች በብሔር ጥላቻ የተናወጡበትን ጊዜ ላየ ሰው ይህ ሥጋት የሚናቅ አይደለም። እኔም ደብረ ብርሃን የሰሜን ሸዋ ልጆች ብቻ የሚማሩበት ይሁን አልልም፤ ቢሆን ጉዳቱ የእኛ ነው። የምለው የአካባቢ ሰው መሆንና የአካባቢን ጥያቄ መያዝ የተለያዩ ናቸው ነው። ከጋሞ ደጋ የመጣ ተማሪ ስለ ገብስና ስለ ውርጭ ከብዙ የከተማ ልጅ የበለጠ ያውቃል፤ ከባሌ የመጣው በከፍታ ላይ ስለሚኖር እንስሳ ይነግረናል፤ የጎንደሩ የስሜንን ያውቃል። የኢትዮጵያ ደጋ በቋንቋና በክልል ተከፍሏል፤ በውርጩ ግን አንድ ነው። የሰሜን ዋልታ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. የአርክቲክ ዩኒቨርሲቲ የተባለውን ኅብረት ሲመሠርቱ አዲስ ግቢ አልገነቡም፤ ያሉትን ተቋማት ድንበር ሳይለዩ በጋራ ችግራቸው አገናኙ። ኖርዌይ ውስጥ ካውቶኬይኖ ላይ በ1989 የተከፈተው የሳሚ ኮሌጅ ደግሞ አጋዘን አርቢ ለሆነው ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ግን ከአንድ አገር ብቻ አይደሉም፤ የሳሚ ሕዝብ ራሱ በአራት አገር ተበትኖ ይኖራልና። የደብረ ብርሃን፣ የጎንደር፣ የአርባ ምንጭና የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲዎች በደጋ ጉዳይ አንድ የጋራ ጠረጴዛ ቢኖራቸው ጥበት አይባልም፤ አገርን ማስፋት ነው።

ወጣቶች ደግሞ ሌላ ነገር ይላሉ፤ ስለ በግና ገብስ አታውሩን፣ እኛ መውጫ ነው የምንፈልገው። ይህን ቃል አክብሬ ነው የምመልሰው። አካባቢን ማገልገል ማለት ልጁን ከአባቱ ሞፈር ጋር ማሰር አይደለም። ጫጫን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛት መንገድ ወተት ይጭናል፤ ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መስመር ለዋና ከተማዋ የወተት ምንጭ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ምን ይሆናል? ላሟ ትታለባለች፤ ገዢው ይጠፋል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ወተቱ ቅቤ ይሆናል፣ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ይህ የየዓመቱ ኪሳራ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ጾሙ ድንገት አይመጣም። ወተቱን የሚቆይ አይብ ማድረግ፣ በአነስተኛ ወጪ ማቀዝቀዝ፣ የሌሊቱን ብርድ ራሱን ለማቀዝቀዣነት መጠቀም ይቻል እንደሆነ መፈተሽ የምግብ ምሕንድስና፣ የኤሌክትሪክና የንግድ ተማሪዎች ሥራ ነው። ኩበቱም እንዲሁ ነው። ደጋው ማገዶ ስለሌለው አፈሩን የሚያዳብረውን ፍግ ያነዳል፤ እናቶች በዝግ ጎጆ ውስጥ ጭሱን ይተነፍሳሉ፤ ሕፃኑ በእቅፋቸው ነው። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና የአፈር ባለሙያው አንድ ላይ ካልተቀመጡ ይህ ችግር የማንም አይሆንም። ወጣቱ መውጫ የሚለው ሥራ ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ሊወለድ ይችላል፤ ሌላ የሚወለድበት ብዙ ቦታ አይታየኝም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉ፣ ከላይ ከጠቀስኋቸው ሥራዎች ውድ የነበረው የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። ከባሕር ማዶ አውራ ማምጣት ውድ ነበር፤ ሚዛን፣ መዝገብና ኮሚቴ ርካሽ ነው። ከዚህም በላይ ብዙው እውቀት ቀድሞ ተከፍሎበታል። የመንዝ ሰዎች ከመቶዎች ዓመታት በፊት የጓሳን የሣር ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉ ነበር፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ይገባ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ተናጋ፤ ሆኖም ሕዝቡ በሌላ መልክ አቆየው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በዚያ ተርፈዋል። የዓለም ተመራማሪዎችም ለመማር ሲመጡ ኖረዋል። ደጋው የሚያስተምረው ነገር እንዳለው ማስረጃ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም፤ የሚያስፈልገው ተቋሙ ቁጭ ብሎ የሚማርበት ጊዜ ነው። በርግጥ በክልላችን የቆየው ግጭት ተመራማሪውን ከገበሬው ማሳ አርቆታል፤ ሰላም ሳይወርድ የምለው ሁሉ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም አሁን ሊጀመር የሚችል አለ።

ከዩኒቨርሲቲውና ከምርምር ማዕከሉ የምጠይቀው ይህ ነው። በአንጎለላና ጠራ ወረዳ ማሳ ላይ፣ በዚህ ወረዳ ሰው ቤት የተሠራ የመመረቂያ ጥናት ሁሉ ተማሪው ሳይመረቅ፣ በአማርኛ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ እዚሁ ተመልሶ ይነገር። መጠይቁን የሞላው ገበሬ መልሱን ይስማ፤ ይቃወም፤ ተቃውሞውም ከጥናቱ ጋር ይያያዝ። በየዓመቱ ከመኸር በኋላ፣ ሰው ሥራ በሚፈታበት ጊዜ፣ የጫጫ፣ የአንኮበር፣ የሞላሌና የእነዋሪ ሰዎች ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበት ቀን ይኑር፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚናገሩበት ሰዓት ይኑረው፤ መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች ርእስ የሚመርጡት ከዚያ መዝገብ ይሁን። ለመምህር እድገት ሲታሰብ በውጭ መጽሔት የወጣ ወረቀት እንደሚቆጠረው ሁሉ፣ ገበሬው ተቀብሎ ሁለት ዓመት የሠራበት ውጤትም ይቆጠር። የመጀመሪያው መዝገብ ላይ የመጀመሪያው መስመር የቆርምድ ጉዳይ ቢሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የዐቢይ ጾሙ ወተት ቢሆን አልገረምም። ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ መድረኩን ለእናንተ ጥያቄ እለቃለሁ።